ባላገሮቹ የተባልን ሰሞን

ባለፈው ጥቅምት፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል፣ የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ የምታስተምረዋን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ጥቂት ቀን ሰንብቼ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውን አውቶቡስ ለመሳፈር መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ከረዳቱ ጋር ስለ ወንበር ስትነጋገር ሰማሁ። «የግድ መስኮት ዳር አልልህም፤ ብቻ ጎማው ላይ አታስቀምጠኝ፣ ወገቤን ያመኛል» አለችው። ቃሉ ማንም የሚናገረው ቃል ነው። ድምፁ ግን የማንም አልነበረም። ሳይጮኽ ሩቅ የሚደርስ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ የሚያስቀምጥ ድምፅ ነው። ዞር ስል ጥቁር የለበሰች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የሳበች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት አየሁ። ፊቷን መንገድ ላይ ባገኘው ኖሮ አላውቀውም ነበር። እየፈራሁ «ይታይሽ» አልሁ።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ማን ልበል?»

«አያሌው ነኝ።»

«የልብስ ሰፊው ልጅ?»

«እሱው።»

ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ የሰው መንገድ እስክንዘጋ ድረስ። «በዚህ ስም የምትጠራኝ እህቴ ብቻ ነበረች» አለችኝ። የመጣችውም ለእህቷ ሙት ዓመት ነበር። ረዳቱ ሁለታችንንም አንድ ወንበር ላይ አስቀመጠን፤ ጎማው ላይ አልነበረም። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ እንዲያ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አንዳንዴ እያወራን፣ አንዳንዴ ዝም ብለን የሚታጨደውን ጤፍ እያየን ሄድን። እኔ ግን ዝም ባልን ቁጥር አውቶቡሱ ውስጥ አልነበርሁም።

በደርግ ጊዜ እኔ ያደግሁባት ንፋስ መውጫ ማለት መኪና መንገዱን ተከትሎ ግራና ቀኝ የተደረደረ ቤት ነበር። ባጃጅ የለ፣ ፎቅ የለ፤ ነፋሱ ግን ያው ነው። አባቴ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲሰፋ፣ ነፋሱ ጨርቁን እንዳይወስድበት በጉልበቱ እየያዘ ነበር። ከከተማ የመጣ ሰው ከታች የሰፋ ቦላሌ ለብሶ ካየን አባቴን እንለምነዋለን፤ እሱም «ይህ ሁሉ ጨርቅ መሬት ለመጥረግ ነው?» እያለ ይሰፋልን ነበር። ቴትሮን ሸሚዝ ያለው ሰው ለእሑድ ያስቀምጠዋል። ሸራ ጫማ ያለው ቅዳሜ አጥቦ፣ ከትምህርት ቤት ባመጣው ጠመኔ አሽቶ ያነጣዋል። ገበያው ጥግ ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ነበራቸው፤ ሻይም ያፈላሉ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነው፤ ካሴት የሚያጫውት ራዲዮም ያለው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዘን፣ ክራር የሚመታበት ዘፈን ካሴቱ እስኪገለበጥ ድረስ እንሰማለን። ሼህ እንድሪስ አንድ ቀን እንኳ «ጨርሳችሁ ተነሡ» ብለውን አያውቁም።

ቀበሌው የኪነት ቡድን አቋቋመ ሲባል ሦስታችን የተገናኘነው እዚያ ቡድን ውስጥ ነው። ይታይሽ የእስቴ ልጅ ናት፤ ለትምህርት መጥታ አክስቷ ዘንድ ትኖር ነበር። ሦስተኛው ፈንታ ነው። ፈንታ እዚያው ጋይንት ባለችው በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲማር ቆይቶ፣ ዘመናዊውንም ልሞክር ብሎ ወደ ከተማ የወጣ፣ ከእኛ በዕድሜ ትንሽ ከፍ የሚል ሰው ነው። የምንለማመድበት አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለ ነበር ክረምት ላይ ዝናቡ ንግግራችንን ይውጠው ነበር። ይታይሽ ያን ድምፅ ያወጣችው እዚያ ነው፤ ከዝናብ ጋር ስትታገል። ፈንታ ደግሞ ማንንም መምሰል ይችላል። ዳኛውን፣ በቅሎ ነጋዴውን፣ ቆማ የምታንቀላፋዋን ባልቴት፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁት። በሳቅ ሆዳችንን ይዘን መሬት እንቀመጥ ነበር። ግን የፈንታ ትልቁ ነገር ሳቁ አልነበረም። አንድ ጊዜ ልጁ የሞተበት አባት ሆኖ ሲጫወት፣ ፊት ወንበር የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ቴአትር መሆኑን ረስተው ሳይሆን፣ እያወቁት ነው እንዲያ ያደረጉት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አየኋቸው፤ ሰው በሐሰት አልቅሶ ሰውን በእውነት ማስለቀስ እንደሚችል ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ጎንደር ከተማ በተደረገ ውድድር ላይ አንድ የአዲስ አበባ የቴአትር አዘጋጅ ስንጫወት ተመለከተን። የገጠር ሕይወት የሚያሳይ ትልቅ ቴአትር ሊሠራ፣ «ለዛው ያልጠፋ» ሰው ይፈልግ ነበር። ሦስታችንንም አዲስ አበባ ወሰደን። ፈንታና እኔ አፍንጮ በር አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየን፤ ይታይሽ የአባቷ ዘመድ ቤት ገባች። ፒያሳ ከላይ እስከ ታች በእግራችን እየሄድን የሱቅ መስታወት ማየት ብቻውን ይበቃን ነበር። የወርቅ ቤቶቹ፣ ከኬክ ቤቶቹ የሚወጣው የቅቤና የቫኒላ ሽታ፣ ማታ ማታ የሚበራው ቀይ መብራት። ይታይሽ ተረከዙ ቀጭን የሆነ ጫማ ገዝታ፣ ግቢያቸው ውስጥ ካልሆነ ውጭ ልታደርገው ፈርታ ብዙ ቆየች።

ቴአትሩ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ይታይ ነበር። ሰው ወደደው፤ ወረፋው እስከ መንገድ ደረሰ። በዚያ ሰሞን አንድ የሳምንታዊ ጋዜጣ ጋዜጠኛ ምሳ ጋበዘን። ክፉ ሰው አልነበረም። አፍሮውን ያጎፈረ፣ ሲስቅ ሲጋራው ከአፉ የሚወድቅበት፣ ተጨዋች ሰው ነው። ምሳ በልተን ስንወጣ አስፋልቱን ልንሻገር ቆምን። ፈንታ ያን ጊዜ ጨዋታ አማረው። ጋቢውን ሰብስቦ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሦስት ጊዜ አማትቦ፣ «ጌታዬ፣ ከዚህ ከብረት ጎርፍ አሻግረኝ» አለና እየተንቀጠቀጠ መኪኖቹ መኻል ገባ። አክስቱን እየመሰለ ነበር። አክስቱ አንድ ጊዜ ደብረ ታቦር ሲሄዱ ያደረጉትን ነው። እኛ ሳቅን፤ ጋዜጠኛውም ሳቀ። ፈንታ ራሱ ያን መንገድ በቀን ስንት ጊዜ ይሻገረው እንደ ነበር ማንም አላሰበው።

በሳምንቱ ጋዜጣው ወጣ። ፎቶግራፋችን ትልቅ ሆኖ፣ ከላዩ በደማቅ ፊደል «ባላገሮቹ ገቡ» ይላል። ከታች የፈንታ ማማተብ አለ። መኪና አይቶ የሚንቀጠቀጥ፣ ያየውን ሁሉ የሚያመሰግን፣ የዋህ የገጠር ሰው ሆኖ ተጽፏል። ጋዜጠኛው ተዋናይ ሲተውን አይቶ፣ ሰውዬውን ያየ መስሎት ነበር። እኛ ግን ጋዜጣውን በርካታ ገዝተን ወደ አገር ቤት ላክን። አባቴ በረንዳው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። «ባላገር» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ነውር የለበትም። ባለ አገር ማለት ነው፤ መሬት ያለው፣ ወገን ያለው፣ ከየት መጣህ ቢሉት የሚመልስ። አዲስ አበባ ላይ ያው ቃል ምን እንደሚመዝን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብን።

መጀመሪያ ግን ጣፋጭ ነበር፤ ይህን ካልተናገርሁ እዋሻለሁ። ራዲዮኑ «ባላገሮቹ» አለን። ቴአትር ቤቱ ማስታወቂያ ላይ የእኛን ስም ትቶ «ባላገሮቹ የሚተውኑበት» ብሎ ጻፈ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ተነሥቶ ያስቀምጠናል። ሻይ ቤት ሒሳብ ተከፍሎ ይጠብቀናል። ሊስትሮው ሳይቀር ከማዶ «ባላገሮቹ» ብሎ ይጠራናል፤ እኛም እጃችንን እናነሣለን። በቅርቡ፣ ከጡረታዬ በፊት አስተምሬያት የነበረች አንዲት ልጅ ንፋስ መውጫ ቤቴ ድረስ ስልኳን ይዛ መጥታ ያሳየችኝ ፊት ልክ ያን ሰሞን የእኛ ፊት ነው። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው በስልክ ድራማ ይቀርጻሉ። ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ «የጋይንት ቀልደኞች» ብሎ ለቆላቸዋል።

«ጋሼ፣ ላይኩን አይተውታል?» አለችኝ።

«አየሁት፤ ደስ ይላል። ቀጥሎ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ልጇ ተሰድዶ የቀረባት እናት አለች፤ እሷን ልሠራ ፈልጌ ነበር።» ስልኳን አየችው። «ግን ይኼኛው ገጽ ቀልድ ነው የሚፈልገው።»

ምን ልበላት? ገጹን ተዪው ብላት ማን ያያታል? ያዢው ብላት ደግሞ እናቲቱ ትቀራለች። «ሁለቱንም ሥሪ፤ እናቲቱን ግን አታቆዪያት» አልኋት። በቂ ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያለኝ እሱ ነበር።

ያ የእሑዱ ቴአትራችን ከወረደ በኋላ ሌላ ቴአትር መጣ፤ ለእኛ የተሰጠን ግን ያው ነው። ፈንታ ዘበኛ፣ እኔ የዘበኛው ወንድም፣ ይታይሽ ሠራተኛ። ከዚያ በኋላ ፈንታ የጠፋች በቅሎ የሚፈልግ፣ እኔ አብሬው የምፈልግ፣ ይታይሽ ዕቃ የምትሰብር ሠራተኛ። አንድ ጊዜ ሐኪም የሆነች ሴት ያለችበት ጽሑፍ መጣና ይታይሽ ሙሉውን በቃሏ ይዛ ሄደች። አዘጋጁ አዳምጦ ሲያበቃ «ጥሩ ነሽ፤ ከሁሉም ትበልጫለሽ» አላት። ቀጥሎም «ግን አንቺ ነጭ ገዋን ለብሰሽ ስትወጪ ሰው ባላገሯ መርፌ ልትወጋ መጣች ብሎ ይስቃል። እኔ ምን ላድርግ?» አላት። ይታይሽ ጽሑፉን መልሳለት ወጣች። ያን ተረከዘ ቀጭን ጫማ አድርጋ ነበር የሄደችው።

የፈንታው ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ወጣት አዘጋጅ ደፈረና ልጁ የሞተበትን አባት ሰጠው። የእኛው የቆርቆሮ አዳራሽ አባት አይደለም፤ ሌላ፣ የተማረ፣ የከተማ አባት ነው። ፈንታ ለወራት ተለማመደ። ከመኝታዬ ስነቃ ግድግዳውን ይዞ እየተነጋገረ አገኘው ነበር። እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ይታይሽና እኔ ከጎን በኩል፣ ከመጋረጃው አጠገብ ቆመናል። መብራቱ በራ፤ ፈንታ ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ገና አፉን ሳይከፍት ከኋላ አንድ ሰው «ባላገሩ» አለ። ሳቅ ተነሣ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የፍቅር ሳቅ ነበር፤ የሚወዱትን ሰው ሲያዩ የሚሳቅ። ፈንታ ባለበት ቆሞ ጠበቀ። ሳቁ ሲበርድ «ልጄን አምጡልኝ» አለ። አዳራሹ እንደገና በሳቅ ተናጋ።

ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። ባርኔጣውን አየው፤ ሕዝቡን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ አፍንጫውን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። አበቃ። ሰው ወንበር እየመታ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀልድ ሆነ። ለሐዘን የተጻፈውን እያንዳንዱን ቃል ወደ ሳቅ ለወጠው፤ እንዲህ ያለ ችሎታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። መጋረጃው ሲወርድ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። የቴአትር ቤቱ ኃላፊ መጥቶ አቀፈው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ እኔና ይታይሽ ስንገባ፣ ጢሙ ላይ የቀባውን ሽበት ሳያጥብ ተቀምጦ ነበር።

«አያሌው፣ ልጁን ሳልቀብረው ወጣሁ» አለኝ።

ይታይሽ ከዚያ ቀን በኋላ ቴአትር ቤቱን ተወች። ብዙም ሳይቆይ ሶስና የምትባል አዲስ ድምፅ በራዲዮ ድራማ መሰማት ጀመረች። ሐኪም ትሆናለች፤ ዳኛ ትሆናለች፤ አንድ ክረምት ሙሉ ንግሥት ሆነች። ራዲዮ ፊት አያሳይም፤ ነጭ ገዋን ይሁን ጥልፍ ቀሚስ የሚያለብሳት ሰሚው ነው። እኛ የይታይሽ ድምፅ መሆኑን እናውቃለን፤ ሌላ ሰው አያውቅም። ታዋቂ ስትሆን አንድ ጋዜጣ ጠየቃት። «ድምፅሽ ከባላገሮቹ መኻል የነበረችውን ሴት ይመስላል ይባላል» ሲላት «እኔ አይደለሁም፤ እነሱንም አላውቃቸውም» ብላ መለሰች። ፈንታ ያን ያነበበው ሻይ ቤት ተቀምጠን ነው። ጋዜጣውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተወውና «ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ» አለኝ። ስለ እሷ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም።

እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ወደ ንፋስ መውጫ ተመለስሁ፤ እስከ ጡረታዬም አማርኛ አስተማርሁ። ሰው ቴአትሩን ለምን ተውኸው ብሎ ሲጠይቀኝ ስሙ ነው ያስቀረኝ እላለሁ፤ ባላገር ብለው ዘጉብኝ። እውነቱን ስናገር ግን አላውቅም። ፈንታ ላይ የተዘጋው በር ትልቅ በር ነበር፤ አይቼዋለሁ። ይታይሽ ላይም እንዲሁ። እኔ ላይ የተዘጋ በር ነበረ ወይስ ድሮም ግድግዳ ነው የገፋሁት? ያ ቃል ባይወጣ ኖሮ የዘበኛው ወንድም ከመሆን አልፍ ነበር? ለሁለቱ እስር ቤት የሆነው ስም ለእኔ መጠለያ ሆኖኝ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ማሰብ የጀመርሁት ካረጀሁ በኋላ ነው።

አውቶቡሱ ደብረ ታቦር ሊገባ ሲል ይታይሽ መስኮቱን እያየች «ፈንታ አለ?» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ስሙን ሁለታችንም አላነሣነውም ነበር።

«አለ። ቤተ ልሔም ነው። መሪጌታ ሆኗል።»

ዞር አለች። «ቴሌቪዥን ላይ በበዓል በበዓል አየው ነበር እኮ። ጋቢ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ።»

«ብዙ ዓመት እንደዚያ ሠራ። አንድ ኅዳር ላይ ጥሎት መጣና ካቆመበት ድጓውን ቀጠለ። አሁን ያስተምራል።»

«በእኔ ምክንያት ነው?»

«አልጠየቅሁትም።»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። «ያን ቃል ለጋዜጣው ስናገር ሥራዬ ገና አልጸናም ነበር» አለች። «ባላገሯ ነች ካሉኝ ነገ ራዲዮውም ሠራተኛ ያደርገኛል ብዬ ፈራሁ። አይደለሁም ማለቴ አይደለም የሚያመኝ። አላውቃቸውም ማለቴ ነው። ይህንን ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ ከራሴ ጨመርኩት።» ነገሩ ለአንድ የአማርኛ አስተማሪ ካልሆነ አይታይም፤ በዚያ ሁሉ መንገድ እኛ «ነበርሁ፣ ጨመርሁ» የምንለውን «ነበርኩ፣ ጨመርኩ» እያለች እንደ አዲስ አበባ ሰው ነበር የምትናገረው። ከደብረ ታቦር ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ የቆረጠችውን ቲኬት ለሌላ ቀን አዛወረችና ፈንታን ላየው ብላ ከእኔ ጋር ወደ ንፋስ መውጫ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ቤቴ አደረች። ባለቤቴ የራዲዮ ድራማ ወዳጅ ናት፤ እንግዳዋ ሶስና መሆኗን ስነግራት አላመነችኝም። ይታይሽ እራት ላይ «እህቴ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ አቀብዪኝ» ስትላት ግን ባለቤቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «አንቺ ነሽ፤ ያቺ ዳኛ» አለቻት። በማግሥቱ ጠዋት መኪናው የሚደርስበት ድረስ ሄደን የቀረውን ወደ ቤተ ልሔም በእግራችን ወጣን። ገብሱ ታጭዶ ክምር ሆኗል፤ ዐውድማ የሚለቀልቁ ሰዎች እያስቆሙ «ከየት መጣችሁ?» ይሉናል። ይታይሽ እየደከማት፣ በየጥላው እያረፈች ትሄዳለች። አንዴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ባይፈልገኝስ?» አለችኝ። «ይመልሰናላ፤ መመለሻው ቁልቁለት ነው» አልኋት። ፈገግ አለች።

ፈንታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከአንድ ወይራ ሥር፣ ነጭ ጥምጥሙን አሥሮ ዜማ እየመራ ተማሪዎቹን ያስቀጽል ነበር። ተማሪዎቹ ጢም ያወጡ ጎልማሶች ናቸው። ዜማው ሲያበቃ እኔን አየና በመቋሚያው ጠራኝ። ይታይሽ ከኋላዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ አላወቃትም። የማንም እናት መስላው ይሆናል።

ዝቅ ብላ «እንደምን አሉ፣ የኔታ?» አለችው።

ፈንታ ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው ፊቱ ተለውጦ ነበር። «ባለፈው ሐምሌ ገደል ገብተሽ ሞትሽ አሉ፤ አዝኜ ነበር እኮ» አለ። የመጨረሻው ድራማዋ ላይ የነበረችው ሴት እንደዚያ ነበር የሞተችው።

«ይሰሙኛል?»

«ምን እርስዎ ያሰኝሻል? ፈንታ ነኝ። ብዙ ዓመት ነው የምሰማሽ። ተማሪዎቹ የኔታ ድራማ ይወዳሉ ይላሉ፤ ሌላ ነገር አልነገርኋቸውም።»

ይታይሽ አልተቀመጠችም። «ፈንታ፣ ያን ጊዜ አላውቃቸውም አልሁ። አንብበኸው ይሆናል። ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት» አለችው። «አልኩ» ሳይሆን «አልሁ» ስትል ሰማኋት።

ፈንታ የመቋሚያውን ጫፍ መሬት ላይ አሽከረከረ። «አንብቤዋለሁ» አለ። «አሞኛል። ምንም አይደለም ብልሽ መንገድሽን ሁሉ ከንቱ አደርገዋለሁ። ለረጅም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ ራዲዮኑን እዘጋ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰው ቤት በእንግድነት ሄጄ መዝጋት አልቻልሁም። ሐኪም ነበርሽ። ለአንድ አባት ልጁ መሞቱን ስትነግሪው ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። አንድም ሰው አልሳቀም። ያን ጊዜ አንቺ ያንን ዝምታ ፍለጋ እንደሄድሽ ገባኝ። እኔም ባገኝ እሄድ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ያን ዕለት ነው ይቅር ያልሁሽ፤ መንገር ነው የቀረኝ።»

ይታይሽ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ውኃ ቀረበልን፤ ቀጥሎም የተማሪዎቹ ጠላ። ስለ ጋዜጠኛው አነሣን። እኔ «እሱ ነው ያጠፋን» አልሁ። ፈንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰውዬው አንድ ቃል ፈለገ፤ አገኘ። ጽፎ ሄደ፤ ምናልባት በሳምንቱ ረስቶታል። ቃሉን ተሸክመን የዞርነው እኛ ነን። እኔማ ሥራ የጠፋ በመሰለኝ ቁጥር ጋቢዬን እለብስና እሄድ ነበር። ይስቃሉ፤ ይከፍላሉ። አንድ ቀን መስታወት ፊት ጋቢዬን ሳስተካክል፣ አገሬ ያለ ማንም ሰው እንዲህ አድርጎ ጋቢ እንደማይለብስ ታየኝ። የማላውቀውን ሰው ሃያ ዓመት መስዬው ኖርሁ።»

«እዚህስ?» አለችው ይታይሽ። «አይናፍቅህም?»

«ይናፍቀኛል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማኅሌት ስቆም እግዚአብሔርን ላመሰግን እንጂ ሰው እንዲያየኝ አልቆምም። ያ ጥሩ ነው፤ ያሳርፋል። ግን አዳራሽ ሞልቶ፣ መብራት በርቶ፣ ገና አንድ ቃል ሳትናገሪ ያለችውን ያቺን ትንፋሽ እዚህ አላገኘኋትም። አላገኛትም ብዬም ተቀምጫለሁ።»

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ስትጀምር ተነሣን። ተማሪዎቹ ወደ ትምህርታቸው ተሰብስበው ነበርና፣ ከመኻላቸው አንዱ፣ ሲያስተናግደን የዋለው፣ «የኔታ፣ እንግዶቹን ሳንተዋወቃቸው ሊሄዱብን ነው» አለ።

ፈንታ ቆመ። በመቋሚያው አንድ በአንድ አመለከተን። «እሷ ይታይሽ ትባላለች፤ ተዋናይት ናት። እሱ አያሌው ነው፤ ተዋናይ ነበር። እኔም ተዋናይ ነበርሁ።»

ተማሪዎቹ ተያዩ። የኔታ ይህን ነግረዋቸው አያውቁም ነበር። የጠየቀው ተማሪ ትንሽ አሰበና «ምን ዓይነት ተዋናይ ነበሩ፣ የኔታ?» አለ።

«ተዋናይ አልሁህ እኮ» አለው ፈንታ፤ ዞሮም ወይራው ሥር ተቀመጠ። «ካቆምህበት ቀጥል።»